ሩት በተደረገ ስልክ ላይ መተግበሪያ «ማከማቻ የለም» ሲል፦ ችግሩና መፍትሄው

ሩት የተደረገ፣ ማለትም የሲስተሙ ሙሉ ሥልጣን የተከፈተበት ስልክ በርካታ ጊጋባይት ባዶ ቦታ እያሳየ መተግበሪያው ፋይል ማስቀመጥ ካቃተው፣ ወይም ተከፍቶ ወዲያው ከተዘጋ፣ ፎቶና ቪዲዮ መሰረዝ ከንቱ ድካም ነው። አስቀድመው ሎግካትን (የአንድሮይድን የስህተት መዝገብ) ይመልከቱ። ኤስኪውላይት (መተግበሪያዎች ዳታቸውን የሚያስቀምጡበት ዳታቤዝ) የስህተት ቁጥር 13 ከመለሰ ቦታው በእርግጥ ሞልቷል፤ 8 ወይም 14 ከሆነ ግን ጉዳዩ በአብዛኛው የፈቃድ ነው።

ደጋግሞ የሚያጋጥመኝ መንስኤ፣ ባክአፕ የተደረገ የመተግበሪያ ዳታ በሩት ፋይል ማናጀር ተገልብጦ መመለሱ ነው። አንድሮይድ ለሚጫን መተግበሪያ ከ10000 የሚጀምር የተጠቃሚ ቁጥር ይሰጣል፤ መተግበሪያው ተነቅሎ ዳግም ሲጫን ይህ ቁጥር ሊለወጥ ይችላል። በሩት የተገለበጠው ፎልደር ደግሞ ባለቤቱ ሩት (የሲስተሙ የበላይ ተጠቃሚ) ሆኖ ስለሚቀር መተግበሪያው በገዛ ቤቱ እንግዳ ይሆናል። በተርሚናል ዝርዝሩን ሲያወጡ «ዩ0_ኤ187» ዓይነት ስም ሊኖር በሚገባው ቦታ «ሩት ሩት» የሚል ካዩ፣ ሌላ ምክንያት አይፈልጉ።

መተግበሪያውን እንደ አዲስ ጭነው አንድ ጊዜ ከከፈቱት በኋላ በግድ ያስቁሙት፤ ዳታውን ከመመለስዎ በፊትም የአዲሱን ፎልደር ባለቤት ይመዝግቡ። ዳታው ሲመለስ የካሽ ፎልደሮቹን ይሰርዙና፣ የፋይል ባለቤት በሚቀይረው የቻውን ትእዛዝ ባለቤቱንና ቡድኑን እስከ መጨረሻው ፋይል ድረስ በመዘገቡት ይተኩ። ብዙዎች እዚህ ላይ አቁመው «አልሰራም» ይላሉ። ከአንድሮይድ 5 ወዲህ ኤስኢሊኑክስ (በየፋይሉ ላይ ባለ መለያ ማን ምን መክፈት እንደሚችል የሚወስነው የደህንነት ሥርዓት) በሙሉ ኃይሉ ስለሚሠራ፣ መለያው የተሳሳተ ፋይል ባለቤቱ ቢስተካከልም አይከፈትም፤ ስለዚህ በዚያው ፎልደር ላይ መለያውን የሚያስተካክለውን የሬስቶርኮን ትእዛዝ ማስኬድ ግዴታ ነው።

ቻሞድ 777፣ ማለትም ለሁሉም ሙሉ ፈቃድ የሚሰጠው ትእዛዝ፣ መፍትሄ አይደለም። አንድ ደንበኛ አልከፈት ባለው አንድ የቻት መተግበሪያ ምክንያት፣ በቪዲዮ ያየውን ምክር ተከትሎ የዳታ ክፍሉን በሙሉ 777 አድርጎ ስልኩን ሲያመጣልኝ፣ ስልኩ ከአምራቹ አርማ አያልፍም ነበር፤ የሚድነውን ፋይል በሪከቨሪ (በስልኩ የጥገና ማስነሻ) አውጥቼ ፋክተሪ ሪሴት ከማድረግ በቀር አማራጭ አልነበረኝም። ኤስኢሊኑክስን ማጥፋትም እንዲሁ ነው፤ ምልክቱን ይሸፍናል፣ ስልኩን ግን ለማንም ክፍት ያደርጋል። በባንክ መተግበሪያዎች ላይ ደግሞ ይህን ሁሉ ባይሞክሩ ይሻላል፤ የምስጠራ ቁልፋቸው በኪስቶር (በአንድሮይድ የቁልፍ ማከማቻ) ውስጥ ስለሚቀመጥ ከዳታው ጋር አብሮ አይገለበጥም፣ እንደገና መመዝገብ ያስፈልጋል።

ፈቃዱ ተስተካክሎም ቦታ እየታየ ችግሩ ከቀጠለ የአይኖድ መጠኑን (ሊፈጠሩ የሚችሉ ፋይሎች ቁጥር ማለቁን) ይመልከቱ፤ ይህ ግን እምብዛም አያጋጥምም። መተግበሪያዎችን ወደ ሚሞሪ ካርድ ሁለተኛ ክፍል በሊንክ (በማመላከቻ አቋራጭ) ያዛወረ ሰው ደግሞ ካርዱ ሲነቀል ሁሉም አብረው ይጠፉበታል። መጠኑ በሐሰት የተጻፈበት ርካሽ ካርድ ከሆነ ጊዜዎን አያባክኑ፤ የሚነበበውን ቀድተው ካርዱን ይጣሉት።