ሲሞቅ ዙሩ በራሱ የሚጨምር አሮጌ የሞተር መጋዝ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ይህ ጽሑፍ ቤንዚኑ አዲስ፣ የአየር ማጣሪያው ንጹሕ፣ ካንዴላው ደህና መሆኑ አስቀድሞ ለተረጋገጠለት መጋዝ የተጻፈ ነው። የሚመለከተውም በ1959 እ.ኤ.አ. እንደወጣው ስቲል ኮንትራ ያሉትን፣ ሰንሰለቱን ያለ ማርሽ በቀጥታ የሚያዞሩና በዲያፍራም ካርቡሬተር (ነዳጁን በስስ ተጣጣፊ ሽፋን በሚቆጣጠር) የሚሠሩ አሮጌ ባለሁለት ምት መጋዞችን ነው።

ምልክቱ

ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ያለ ችግር ይነሣል። ጥቂት ደቂቃ ከቆረጠ በኋላ ግን ጋዙን ሲለቁት ዙሩ ወዲያው በመውረድ ፈንታ ከፍ ብሎ ይዘገያል፤ ሰንሰለቱ ማንም ሳይነካው በሚኒሞ፣ ማለትም ጋዝ ሳይሰጠው በሚሠራበት ዝቅተኛ ዙር፣ መዞር ይጀምራል፤ መጋዙን ወደ አንድ ጎን ሲያጋድሉት ድምፁ ይለወጣል፤ አንዴ ከጠፋ ደግሞ እስኪቀዘቅዝ ድረስ አይነሣም። ሚኒሞውን ዛሬ ቢያስተካክሉት ነገ ተለውጦ ይገኛል። ከእነዚህ ሁለቱ እንኳ አብረው ከታዩ፣ ካርቡሬተሩን ለመፍታት ካቻቢቴ ከማንሣትዎ በፊት ቀጥሎ ያለውን ያንብቡ።

መንስኤው

አብዛኛው ሰው ጥፋቱን በካርቡሬተሩ ላይ ይጥላል። ወደ እኔ ከሚመጡት እንዲህ ያሉ መጋዞች የሚበዙት ካርቡሬተራቸው ተፈትቶ፣ ታጥቦ፣ አንዳንዴም በአዲስ ተተክቶ ምንም ለውጥ ያላሳዩ ናቸው። ትክክለኛው መንስኤ ወደ ሞተሩ በድብቅ የሚገባ አየር ነው። በባለሁለት ምት ሞተር ድብልቁ ወደ ሲሊንደሩ ከመውጣቱ በፊት በክራንክሻፍቱ (ፒስተኑ በሚያዞረው ዘንግ) ቤት ውስጥ ያልፋል፤ ይህ ቤት በእያንዳንዱ ዙር አንዴ ይስባል፣ አንዴ ይገፋል። በክራንክሻፍቱ ሁለት ጫፎች ላይ ያሉት የማገጃ ጎማዎች፣ ማለትም ሲሎቹ፣ ከረጅም ዘመን በኋላ ሲደርቁ፣ በሚስብበት ጊዜ በከንፈራቸው ሥር አየር ያሳልፋሉ። ይህ አየር በካርቡሬተሩ በኩል ስላላለፈ ቤንዚን አልያዘም፤ ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር የተቀላቀለ ስለሆነም ዘይት አልያዘም። ስለዚህ ሞተሩ ከሚገባው በላይ ይግላል፣ ቅባቱም በዚያው ጊዜ ይቀንስበታል። ማርሚታው ተፈትቶ በጭስ መውጫው ቀዳዳ ሲታይ በፒስተኑ ጎን ላይ ቁልቁል የተጫሩ መስመሮች ከተገኙ፣ ጉዳቱ ጀምሯል ማለት ነው።

አየሩ በሲሎቹ ብቻ አይገባም። ካርቡሬተሩን ከሲሊንደሩ ጋር የሚያገናኘው የጎማ ቱቦ፣ የነዳጅ ፓምፑን በግፊት የሚያንቀሳቅሰው ቀጭን ቱቦና የሲሊንደሩ ጓርኒሲዮንም (በመገጣጠሚያው መካከል ያለው ስስ ማሸጊያ) ተጠርጣሪዎች ናቸው። የጎማው ቱቦ በተለይ አታላይ ነው፤ በቦታው ሳለ ሙሉ ይመስላል፣ ስንጥቁም የሚገለጠው ወጥቶ በእጅ ሲለጠጥ ብቻ ነው።

የካርቡሬተሩን ብሎን ከፍቶ ነዳጅ በመጨመር ዙሩን ማውረድ ይቻላል፤ ብዙዎችም ይህን ጥገና ብለው ይጠሩታል። ጥገና ግን አይደለም፤ ቀዳዳው መጋዙ በጋለ ቁጥር ይሰፋል፣ የተከፈተው ብሎን ግን አብሮት አይሰፋም። አንድ ደንበኛ ሲሊንደሩና ፒስተኑ ከአንድ ጊዜ በላይ የተቀየረ ትልቅ መጋዝ አምጥቶልኝ ነበር፤ አዲሱ ፒስተን በገባ ቁጥር ጥቂት ግንዶች ቆርጦ ይነክሳል፣ ማለትም ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር ተጣብቆ ይቆማል። ቮላኖውን (በክራንክሻፍቱ ጫፍ ላይ ያለውን ከባድ ክብ ብረት) ሳወጣው ከበስተኋላው የነበረው ሲል ከፋብሪካ የመጣው የመጀመሪያው ሆኖ ተገኘ፤ በጥፍር ሲነካ እንደ ሸክላ ይሰበር ነበር። ከሁሉ ርካሽ የሆነውን ክፍል ለመለወጥ የሰነፈ ጠጋኝ፣ ከሁሉ ውድ የሆነውን ደጋግሞ አቃጥሏል። ፒስተን የነከሰበትን ምክንያት ሳያገኙ አዲስ ፒስተን መግጠም ከቶ አይገባም።

ምርመራው

ማርሚታውንና ካርቡሬተሩን ካወጡ በኋላ ሁለቱን ቀዳዳዎች በወፍራም የጎማ ቁራጭና በጠፍጣፋ ብረት ይድፈኑ፤ የግፊቱን ቀጭን ቱቦም መድፈን አይርሱ፤ ከዚያ በካንዴላው ቀዳዳ በኩል መለኪያ ያለው የእጅ ፓምፕ ያገናኙ። ግማሽ ባር ያህል ግፊት ይስጡና ክራንክሻፍቱን በቀስታ እያዞሩ መርፌው ቆሞ እንደሆነ ለ20 ሰከንድ ይመልከቱ። ከወረደ፣ ሳሙና ያለበት ውሃ በየመገጣጠሚያው ሲቀባ አረፋው ቦታውን ያሳያል። በኮምፕረሰር ፈጽሞ አይሞክሩ፤ ከመጠን ያለፈ ግፊት ደህና የነበረውን ሲል ከቤቱ ይገፋዋል።

ብዙዎች እዚህ ላይ ያቆማሉ፤ ትልቁ ስሕተትም ይህ ነው። የሲሉ ከንፈር የተሠራው ከውስጥ ግፊት ሲመጣ ዘንጉን እንዲጨብጥ ስለሆነ፣ ያረጀ ሲል ግፊቱን ችሎ በመሳብ ጊዜ ብቻ ሊያሳልፍ ይችላል። ስለዚህ ያንኑ ምርመራ አየር በሚስብ ፓምፕ ይድገሙት። ግፊቱን ያለ አንድ አረፋ የቻለ፣ ሲሳብ ግን መርፌው ወዲያው ዜሮ ላይ የወደቀ መጋዝ ደጋግሜ አይቻለሁ። አየር በሚነፋበት ብቻ ፈትሾ “ሲሉ ደህና ነው” ያለ ሰው ሥራውን በግማሽ ትቶታል።

ጥገናው

በአንደኛው ጎን ያለው ሲል ሞተሩን ከሰንሰለቱ ጋር ከሚያገናኘው ከፍሪሲዮኑ፣ በሌላው ጎን ያለው ከቮላኖው በስተኋላ ይገኛል። የአብዛኞቹ መጋዞች ፍሪሲዮን ጥርሱ ግራ ስለሆነ የሚፈታው ወደ ቀኝ ሲዞር ነው። ፒስተኑን ለማቆም በካንዴላው ቀዳዳ ንጹሕ ገመድ ያስገቡ እንጂ ብረት አያስገቡ፤ ገመዱም የሚገባው ፒስተኑ የጭስ መውጫውን አልፎ ከዘጋው በኋላ መሆን አለበት፤ አለዚያ ገመዱ በቀዳዳው ገብቶ የፒስተኑን ፋሻ (ቀለበት) ይሰብራል። ቮላኖውን በመዶሻ አይምቱት፤ በመንቀያ ያውጡት።

አሮጌውን ሲል ሲያወጡ ዘንጉን እንዳይጭሩት እጅግ ይጠንቀቁ፤ በዘንጉ ላይ በጥፍር የሚሰማ አንድ ጭረት አዲሱን ሲል ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያበላሸዋል። አዲሱን ከማስገባትዎ በፊት ቮላኖውን በዘንጉ ላይ በሚይዘው ቺያቬታ (ትንሽ የብረት ቁራጭ) ቦይ ላይ ስስ ፕላስቲክ ይጠቅልሉ፤ የቦዩ ጠርዝ ከንፈሩን እንደ ምላጭ ይቆርጠዋል። ከንፈሩን ዘይት ቀብተው፣ በልኩ በሆነ ቱቦ ቀጥ አድርገው፣ አሮጌው እስከነበረበት ጥልቀት ብቻ ይግፉት። ከዚያ በፊት ግን ዘንጉን በእጅ ወደ ላይና ወደ ታች ያነቃንቁ፤ ከተላወሰ ዘንጉ የሚዞርበት ኩሽኔታ አልቋልና ሲል ብቻ መቀየር ከንቱ ድካም ነው።

ስለ መለዋወጫው በግልጽ ልናገር። ለአሮጌ መጋዝ በሙሉ ጥቅል የሚሸጡት ስም የለሽ ሲሎች፣ የጎማ ቱቦዎችና የካርቡሬተር ዲያፍራሞች ብዙዎቹ ለቆሻሻ መጣያ የተሠሩ ናቸው። ከጥቅል ወጥቶ ከንፈሩን የሚያጠብቀው ቀጭን ስፕሪንግ ጭራሽ የሌለበት ሲል፣ ቤንዚን በነካው በሳምንት ውስጥ ያበጠ ቱቦ አይቻለሁ። የተሻለው መንገድ በአሮጌው ሲል ላይ የተጻፉትን የውስጥ ስፋት፣ የውጭ ስፋትና ውፍረት አንብቦ፣ ያንኑ ልክ ከታወቀ የኩሽኔታና የሲል አምራች መግዛት ነው፤ ቪቶን ከሚባለው ልዩ ጎማ የተሠራው ሙቀትንና ቤንዚንን ከተራው ጎማ ይልቅ ይችላል።

ሁሉም ከተገጠመ በኋላ ምርመራውን በግፊትም በመሳብም ይድገሙ። ካርቡሬተሩ የሚስተካከለው ከዚህ በኋላ ብቻ ነው። ሁለቱንም የነዳጅ ብሎኖች በቀስታ እስኪነኩ ዘግተው አንድ አንድ ዙር ይክፈቱ፤ ሞተሩን አሙቀው የትልቁን ዙር ብሎን ያስተካክሉ። ያለ ሥራ ሙሉ ጋዝ ሲሰጠው ድምፁ ጥቂት መንተባተብ አለበት፤ እንጨት ውስጥ ሲገባ ደግሞ መጥራት አለበት። ያለ ሥራ ጥርት ብሎ የሚጮኽ አሮጌ መጋዝ ነዳጅ አንሶታል፤ የነዳጅና የዘይቱን ምጣኔ በለወጡ ቁጥርም ይህን ማስተካከያ ይድገሙት።

ሌሎቹ፣ በአጭሩ

ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ጠፍቶ የነዳጁ ክዳን ሲላላ የሚነሣ ከሆነ፣ የታንከሩ አየር መግቢያ ተደፍኗል።

የእሳት ብልጭታ ከሌለ የፑንቲናውን (ብልጭታውን ለመፍጠር ኤሌክትሪኩን የሚያቋርጠውን ክፍል) ጥርሶች ያጽዱ፤ ክፍተቱ በአብዛኞቹ 0.4 ሚሊ ሜትር ግድም ነው። ከዚያ የማጥፊያው ሽቦ ከብረት ጋር የተነካካበትን ቦታ ይፈልጉ፤ ኮንደንሰሩና ኮይሉ የሚጠረጠሩት ከእነዚህ በኋላ ነው። ብልጭታ እያለ በሚነሣበት ጊዜ ገመዱን ከእጅ የሚነጥቅ ከሆነ ቺያቬታው ተቆርጦ ቮላኖው ዞሯል።

ካንዴላው በቤንዚን የሚርስ ከሆነ የካርቡሬተሩ መርፌ አይዘጋም፤ ከሥሩ ቆሻሻ አለ፣ ወይም ማንሻው ከልኩ በላይ ቆሟል።

ፍሳሽ የሌለበት መጋዝ በሚኒሞ ሰንሰለቱን ካዞረ የፍሪሲዮኑ ስፕሪንጎች ላልተዋል፤ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ይቀይሩ።

የእነዚህ መጋዞች አካል ብዙ ጊዜ ማግኒዥየም ነው። ሲሞርዱት የሚወጣው ብናኝ በቀላሉ ይቀጣጠላል፤ ከተቀጣጠለም ውሃ ያባብሰዋል፣ የሚያጠፋው ደረቅ አሸዋ ነው። ያረጁ ጓርኒሲዮኖች አስቤስቶስ ሊኖራቸው ስለሚችል በዘይት አርሰው ይፋቁ እንጂ በደረቁ አይሞርዱ። ሰንሰለቱን የሚያቆም ፍሬን የሌለው መጋዝ የቱንም ያህል በሚገባ ቢጠገን በጫፉ እንጨት እንዳይነካ፣ ለጀማሪም እንዳይሰጥ፤ ወደ ላይ ሲመለስ የሚያቆመው ነገር የለም።