ኮዱ ነጻ ነው፣ ጊዜ ግን አይደለም፦ የክፍት ምንጭ ማኅበረሰብ ሲመሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በአማርኛ «ነጻ» የሚለው ቃል ሁለት ትርጉም ተሸክሟል። አንዱ አርነት ነው፤ ሌላው ያለ ክፍያ የሚገኝ ማለት ነው። የክፍት ምንጭ ሶፍትዌር፣ ማለትም ማንም ኮዱን እንዲያይ፣ እንዲለውጥና እንዲያካፍል የተፈቀደለት ሶፍትዌር፣ ፈቃዱ የሚናገረው ስለ መጀመሪያው ቢሆንም አብዛኛው ተጠቃሚ የሚሰማው ሁለተኛውን ነው። ይህ አይገርምም። የሚገርመው ማኅበረሰቡን የሚመሩት ሰዎችም እዚያው ላይ መሰናከላቸው ነው። ኮዱ በነጻ ስለተሰጠ፣ ኮዱን የሚጠብቀው ሰው ጊዜም የማይነጥፍ ምንጭ ይመስላቸዋል።

«ጠባቂ» የምለው ሌሎች የላኩትን ኮድ አንብቦና መርምሮ «ይግባ» ወይም «አይግባ» የሚለውን ሰው ነው። ኮድ የሚጽፍ ሞልቷል፤ የሌላውን ኮድ በትዕግሥት የሚያነብ ግን ጥቂት ነው። ከታች ያሉት ስህተቶች መልካቸው ይለያይ እንጂ ሁሉም እነዚህን ጥቂት ሰዎች የሚያባክኑ ናቸው። የገንዘብ እጥረት የሚባለውም ቀረብ ብለው ሲያዩት ብዙ ጊዜ የአመራር ጉድለት ሆኖ ይገኛል። (የምጠቅሳቸው ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ልገሳን እንደ ገቢ መቁጠር

ኦፕንኤስኤስኤል በኢንተርኔት ላይ የሚደረጉ ግንኙነቶችን ምስጢር ከሚጠብቁ ሶፍትዌሮች ዋነኛው ነው። በኤፕሪል 2014 «ሃርትብሊድ» የሚል ስም የወጣለት የደኅንነት ቀዳዳ ተገኘበት። ቀዳዳው የገባው በ2012 በወጣው 1.0.1 ሥሪት ሲሆን ሁለት ዓመት ሙሉ ልብ ያለው አልነበረም። ያኔ የተሰማው ሌላ ነገር ከቀዳዳው ባልተናነሰ ያስደነግጥ ነበር። የዓለም ባንኮችና መደብሮች የተደገፉበት ይህ ፕሮጀክት በዓመት ያገኝ የነበረው ልገሳ ወደ 2,000 ዶላር ገደማ ነበር፤ ሙሉ ጊዜውን የሰጠውም አንድ ሰው ብቻ። ከአደጋው በኋላ የክፍት ምንጭ ፕሮጀክቶችን የሚደግፈው ሊኑክስ ፋውንዴሽን ትልልቅ ኩባንያዎችን አስተባብሮ በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር ቃል አስገባ። ጂኤንዩፒጂ የተባለውን የምስጠራ መሣሪያ ለዓመታት ብቻውን ሲያለማ የኖረው ጀርመናዊ ፕሮግራመርም እንዲሁ በገንዘብ ችግር ውስጥ ነበር። ችግሩ በፌብሩዋሪ 2015 በዜና ሲወጣ ፌስቡክና ስትራይፕ እያንዳንዳቸው በዓመት 50,000 ዶላር ሊሰጡ ተስማሙ።

ገንዘቡ መምጣቱ መልካም ነው። ግን ቤት ሲቃጠል ብቻ የሚመጣ ውኃ በጀት አይባልም። ቤብል የተባለው የጃቫስክሪፕት መሣሪያ በ2021 ገንዘቡ እያለቀ መሆኑን ሲያስታውቅ ሚሊዮኖች ይጠቀሙበት ነበር፣ ለጋሾችም ነበሩት። የሚመጣው ልገሳና የሚከፈለው ደመወዝ ግን አልመጣጠን አሉ።

ኩባንያዎችን ስስታም ብሎ መክሰስ ቀላል ነው፤ እኔም ብዬ አውቃለሁ። እውነቱ ግን ሌላ ነው። በአንድ ኩባንያ ውስጥ ሶፍትዌሩን የሚወደው ፕሮግራመሩ ሲሆን ገንዘቡን የሚከፍለው ሒሳብ ክፍሉ ነው። ሒሳብ ክፍሉ ደግሞ «ልገሳ» የሚል የወጪ መደብ የለውም፤ ቢኖረውም ለበጎ አድራጎት የተያዘ ነው። የድጋፍ ውል፣ ዓመታዊ የአባልነት ክፍያ፣ ለቆየ ሥሪት የሚሰጥ የተራዘመ ጥገና ቢያቀርቡለት ግን ያው ክፍል ብዙም ሳይጠይቅ ይከፍላል፤ የሚያውቀው ዓይነት ወረቀት ነውና። «እባካችሁ እርዱን» ከሚል ማስታወቂያ ይልቅ ዋጋው፣ የአገልግሎቱ ዓይነትና ውሉ የሚታደስበት ቀን የተጻፈበት አንድ ገጽ ሰነድ ይሻላል።

ገንዘቡን ለአዲስ ነገር ብቻ ማዋል

ለጋሽ አዲስ ነገር ይወዳል፤ ስሙን የሚያያይዝበት፣ በሪፖርት ላይ ፎቶ የሚወጣለት። ጥገና ፎቶ የለውም። በጃንዋሪ 2014 ኦፕንቢኤስዲ የተባለው ሥርዓተ ክወና (ኮምፒውተርን የሚያንቀሳቅስ መሠረታዊ ሶፍትዌር) ፕሮጀክት የ20,000 ዶላር የመብራት ሒሳብ መክፈል አቅቶት የእርዳታ ጥሪ አሰምቶ ነበር። ያ ሁሉ የረቀቀ የደኅንነት ሥራ በመብራት ሒሳብ ሊቆም ነበር ማለት ነው።

ሌላው የተሸሸገ ወጪ፣ እያንዳንዱ አዲስ ኮድ ለጠባቂው የዕድሜ ልክ ዕዳ መሆኑ ነው። ጸሐፊው ክፍያውን ተቀብሎ ይሄዳል፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ሲበላሽ የሚጠግነው ሌላ ነው። ስለዚህ ለአዲስ ሥራ በሚመጣ ማንኛውም ገንዘብ ላይ ለምርመራና ለጥገና የሚሆን ድርሻ አብሮ መጠየቅ ነውር የለውም። ድርሻውን የማይቀበል ለጋሽ ስጦታ ሳይሆን ሥራ ይዞ እንደመጣ ይቁጠሩት።

ከበጎ ፈቃደኞች መካከል ለጥቂቶች ሳይመክሩ መክፈል

ከሁሉም ይልቅ እኔን የሚስበኝ ይህ ስህተት ነው፤ ገንዘብ ሲጠፋ ሳይሆን ገንዘብ ሲገኝ የሚመጣ ነውና።

ዴቢያን ሊኑክስን መሠረት ያደረገ ሥርዓተ ክወና የሚያዘጋጅ፣ በ1993 የተመሠረተ፣ መሪውን በየዓመቱ በድምፅ የሚመርጥ የበጎ ፈቃደኞች ፕሮጀክት ነው። በ2006 «ኤች» የተባለው ሥሪት በዲሴምበር እንዲደርስ በማሰብ፣ የወቅቱ መሪና ጥቂት ባልደረቦቻቸው «ደንክ ታንክ» የሚባል የገንዘብ ማሰባሰቢያ ከፕሮጀክቱ መዋቅር ውጭ አቋቋሙ። ዓላማው ሥሪቱን የሚያስተባብሩ ሁለት ሰዎች ለተወሰነ ጊዜ ሌላ ሥራ ሳይነካቸው እንዲሠሩ መክፈል ነበር። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። ነገር ግን ለዓመታት ያለ ክፍያ የደከሙ ሰዎች «የእነርሱ ድካም ዋጋ ካለው የእኛስ?» ማለታቸው አልቀረም። አንዳንዶቹ የሚሰጡትን ጊዜ ቀነሱ። መሪውን ከሥልጣን ለማውረድ እስከ ድምፅ መስጠት ተደረሰ፤ አልተሳካም እንጂ። ሥሪቱም የወጣው በኤፕሪል 2007 ነው።

ከዚህ ተነሥቶ «ገንዘብ ሲገባ ፍቅር ይወጣል» ብሎ መደምደም ግን ስንፍና ነው። ጃንጎ የተባለውን የድረ ገጽ መሥሪያ የሚደግፈው የጃንጎ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን ከ2014 መጨረሻ ጀምሮ ደመወዝተኛ ባልደረባ መቅጠር ጀምሯል፤ ማኅበረሰቡም አልፈረሰም። ልዩነቱ ያለው በሥራው ዓይነት ላይ ይመስለኛል። የጃንጎ ባልደረባ የሚከፈለው የስህተት ዘገባዎችን እንዲያበጥር፣ የሌሎችን ኮድ እንዲመረምር፣ የደኅንነት ችግሮችን እንዲከታተልና ሥሪት እንዲያወጣ ነው። ይህ ማንም በደስታ የማይሻማው ሥራ ነው። አዲስ ነገር የመፍጠሩ ደስታ ለበጎ ፈቃደኞቹ ቀርቷል፤ እንዲያውም የላኩት ኮድ ቶሎ ስለሚነበብላቸው ደስታው ጨምሯል። የዴቢያን ሁለት ሰዎችም አሰልቺ ሥራ ነበር የያዙት፤ እዚያ ግን የወሰኑት ጥቂቶች ነበሩ፣ ማኅበረሰቡ ያየውም ካለቀ በኋላ ነው።

ስለዚህ ከመክፈልዎ በፊት ሦስት ነገሮች በጽሑፍ ይቀመጡ፦ የሚከፈልበት ሥራ ምን እንደሆነ፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነ፣ ተከፋዩን ማን እንደሚመርጠው። የሚከፈለው ሰው ከመራጮቹ አንዱ መሆን የለበትም። መጠኑም ለሁሉም ይታወቅ። የተደበቀ ደመወዝ በሐሜት ውስጥ ሁልጊዜ ከእውነተኛው ይበልጣል።

ሁሉን ነገር በአንድ ትከሻ ላይ መጫን

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ብሂል ለክፍት ምንጭ የተነገረ ይመስላል። ሆኖም ብዙ ፕሮጀክቶች ሃምሳውን ሎሚ ለአንድ ሰው አሸክመው ዙሪያውን ቆመው ያደንቁታል።

ኤክስዜድ ዩቲልስ የፋይልን መጠን የሚያሳንስ ትንሽ መሣሪያ ነው፤ በአብዛኞቹ የሊኑክስ ሲስተሞች ውስጥ ይገኛል። ለዓመታት ይጠብቀው የነበረው አንድ ሰው ነው፣ ያለ ክፍያ። በ2022 ማንነታቸው ያልታወቀ ጸሐፊዎች «ለምን ዘገየህ? ካልቻልክ ለሌላ አስረክብ» የሚል መልእክት ደጋግመው ይልኩለት ጀመር። በአጠገቡ ደግሞ ከ2021 ጀምሮ ጨዋና ታታሪ ሆኖ የቀረበ፣ «ጂያ ታን» በሚል ስም የሚጠራ ረዳት ነበር። ሥልጣኑ ቀስ በቀስ ወደዚህ ረዳት አለፈ። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። በማርች 2024 የማይክሮሶፍት መሐንዲስ የሆኑት አንድሬስ ፍሮይንድ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር ሲገናኙ ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱ ከንክኗቸው ነገሩን ሲመረምሩ፣ በ5.6.0 እና በ5.6.1 ሥሪቶች ውስጥ ሆን ተብሎ የተቀበረ የኋላ በር፣ ማለትም ለአጥቂ የተዘጋጀ ስውር መግቢያ፣ አገኙ። ያን ግማሽ ሰከንድ ችላ ቢሉት ኖሮ ኮዱ ወደ ስንቱ ሰርቨር በገባ ነበር።

ብዙዎች ከዚህ የተማሩት «የማታውቀውን ሰው አትመን» የሚል ነው። እኔ ግን በዚህ አልስማማም፤ በክፍት ምንጭ ውስጥ ሁሉም ሰው መጀመሪያ የማይታወቅ ሰው ነበር። በር የከፈተው የጠባቂው ድካም ነው። የደከመ ሰው እርዳታ ሲያገኝ አይመርጥም። ጠባቂ «ለስድስት ወር አርፋለሁ» ብሎ ያለ ኀፍረት የሚሄድበት ሥርዓት ቢኖር፣ ሥሪት ለማውጣት የሁለት ሰዎች ይሁንታ የግድ ቢሆን፣ ጫና የሚያበዛውን ተጠቃሚ «ተው» የሚል ሌላ ሰው በአጠገቡ ቢኖር፣ አጥቂዎቹ ሥራው ይከብዳቸው ነበር። ይህ ሁሉ ከገንዘብ በፊት የሚመጣ የአመራር ጉዳይ ነው።

ርክክብ በሥርዓት ሊሆን እንደሚችል ፓይተን የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ አሳይቷል። ፈጣሪው ጊዶ ቫን ሮሰም በጁላይ 2018፣ ፔፕ 572 በተባለ አንድ የለውጥ ሐሳብ ላይ ከተደረገ አድካሚ ክርክር በኋላ ከመሪነታቸው ሲለቁ ተተኪ አልሾሙም። ማኅበረሰቡ በርካታ የአስተዳደር ሐሳቦችን አቅርቦ ድምፅ ሰጠና አምስት አባላት ያሉት ምክር ቤት መረጠ። በደንቡ ውስጥ የምወደው አንድ አንቀጽ አለ፦ ከአምስቱ ውስጥ ከሁለት በላይ የአንድ ቀጣሪ ሠራተኞች መሆን አይችሉም። ይህን ማድረግ የቻሉት ግን ውሳኔን በጽሑፍ አቅርቦ በግልጽ የመከራከር ልማድ፣ እንዲሁም ከ2001 ጀምሮ የቆመ ፋውንዴሽን ስለነበራቸው ነው። ደንብ በሰላም ቀን ካልተጻፈ በጠብ ቀን አይጻፍም።

ስሙን ለከፋዩ መተው

አንድ ኩባንያ አብዛኛውን ወጪ ሲሸፍን ምስጋና ይገባዋል። የሶፍትዌሩ ስም፣ የንግድ ምልክቱና የድረ ገጹ አድራሻ ግን የእርሱ መሆን የለባቸውም። ኦራክል በ2010 ሰን ማይክሮሲስተምስ የተባለውን ኩባንያ ሲገዛ ኦፕንኦፊስ የተባለውን የቢሮ ሶፍትዌርም አብሮ ወረሰ። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ ብዙዎቹ አልሚዎች ተገንጥለው ዶክዩመንት ፋውንዴሽንን ሲያቋቁሙ ኮዱን መውሰድ ችለዋል፤ ፈቃዱ ይህን ይሰጣልና። ስሙን ግን መውሰድ አልቻሉም። ሊብረኦፊስ የሚባለውን አዲስ ስም ከዜሮ ጀምረው ማስተዋወቅ ነበረባቸው። ሬዲስ የተባለው የመረጃ ማከማቻ ሶፍትዌር ባለቤት ኩባንያም በማርች 2024 ፈቃዱን ሲለውጥ ተመሳሳይ ነገር ሆነ፤ በቀናት ውስጥ ቫልኪ የተባለው ቅጂ በሊኑክስ ፋውንዴሽን ሥር ታወጀ።

የተገላቢጦሹ ምሳሌ ብሌንደር የተባለው የሦስት አውታር ምስል መሥሪያ ሶፍትዌር ነው። ያመረተው ኩባንያ በ2002 ሲዘጋ፣ ቶን ሮሰንዳል ባለሀብቶቹን አግባብተው ኮዱ በ100,000 ዩሮ እንዲለቀቅ ተስማሙ። ገንዘቡ ከተጠቃሚዎች በሰባት ሳምንት ተሰበሰበ። ከዚያ ወዲህ ቤቱ ፋውንዴሽኑ ነው፤ ትልልቅ ኩባንያዎች ገንዘብ ቢሰጡም እንግዳ ሆነው ነው የሚገቡት።

ከማለዳው ፋውንዴሽን ማቋቋም

ይህን በአጭሩ ልለፈው። የራስ ፋውንዴሽን ማለት የሒሳብ ምርመራ፣ የግብር ወረቀት፣ የቦርድ ስብሰባ ማለት ነው፤ ኮድ የሚያነበው ሰው ቃለ ጉባኤ ሲጽፍ ይውላል። ሶፍትዌር ፍሪደም ኮንሰርቫንሲን የመሰሉ ድርጅቶች ገንዘቡንና ውሉን ይዘውልዎት በጥላቸው ሥር መሥራት ይቻላል። የመውጫ አንቀጹን ግን ሳያነቡ አይፈርሙ። ከእነዚህ ዓይነት ድርጅቶች አንዱ የነበረው ኦፕን ኮሌክቲቭ ፋውንዴሽን በ2024 መጀመሪያ ላይ በዓመቱ መጨረሻ እንደሚዘጋ ሲያስታውቅ፣ በሥሩ የነበሩ ቡድኖች ሌላ መጠለያ ለመፈለግ የወራት ጊዜ ብቻ ነበራቸው።

«አይሆንም» ማለትን ፈርቶ ዝም ማለት

ይህ የራሴ ስህተት ስለሆነ በደንብ አውቀዋለሁ። በአንድ ትንሽ ፕሮጀክት ላይ ጠባቂ በነበርኩ ጊዜ አንድ ወጣት ረጅም ኮድ ላከልኝ። ሥራው ንጹሕ ነበር፤ ለፕሮጀክቱ ግን አይስማማም። «አይሆንም» ብለው ይቀየማል ብዬ ፈራሁና መልሱን ለነገ አልኩ። ነገ አራት ወር ሆነ። በመካከሉ ሁለት ጊዜ በትሕትና ጠየቀኝ፤ ሁለቱንም ጊዜ አንብቤ ዘጋሁት።

በመጨረሻ ምክንያቱን ዘርዝሬ ስጽፍለት በዚያው ዕለት መለሰልኝ። ሐሳቤ ትክክል እንደሆነ፣ በመጀመሪያው ሳምንት ነግሬው ቢሆን ኮዱን አስተካክሎ ይልከው እንደነበር ጻፈ። አሁን ግን በሌላ ፕሮጀክት ውስጥ እየሠራ ነበር፤ የሌሎችን ኮድ እንዲያነብ ኃላፊነት ሰጥተውታል።