ጭሱ ንጹህ ሆኖ ስሞግ የሚወድቅ መኪና፦ በካሊፎርኒያ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በካሊፎርኒያ ሞተሩ፣ ጭስ ማውጫው ወይም ኮምፒውተሩ የተነካካ መኪና ስሞግ የሚባለውን የጭስ ምርመራ ሲወድቅ የባለቤቱ የመጀመሪያ ጥያቄ «ጭሱ ስንት አሳየ?» የሚል ነው። ብዙ ጊዜ ግን ጭሱን የለካው የለም። የ2000 ሞዴልና ከዚያ ወዲህ በተሠሩ የቤንዚን መኪኖች ላይ ጭስ ማውጫው ውስጥ የሚገባ መለኪያ የለም። ቴክኒሻኑ ኮፈኑን ከፍቶ፣ ከሥርም በባትሪ እያበራ በዓይኑ ያያል፤ በዓይን የሚታይ ጭስ እንደሌለ ያረጋግጣል፤ ከዚያ ከመሪው ሥር ባለው ሶኬት ገመድ ሰክቶ ኮምፒውተሩ ያለውን ያነባል። ጋዙ በመሣሪያ የሚለካው ለ1999 እና ከዚያ በፊት ለተሠሩት ነው። 1975 እና ከዚያ በፊት የተሠሩ የቤንዚን መኪኖች ጭራሽ አይጠየቁም።

ስለዚህ ሞተሩ እንደ ሰዓት እየሠራ፣ አንድ ተለጣፊ በመጥፋቱ ወይም ኮምፒውተሩ የራሱን ምርመራ ባለመጨረሱ ብቻ የሚወድቅ መኪና ሞልቷል። ዝግጅቱ ከምርመራው ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ መጀመር አለበት።

የፋብሪካውን ዕቃ መጣል ወይም መሸጥ

አዲስ መኪና በመጀመሪያዎቹ ስምንት የሞዴል ዓመታት የየሁለት ዓመቱ ስሞግ አይጠየቅም። ሲሸጥም ከአራት የሞዴል ዓመት ያልበለጠው ነፃ ነው። መኪና የሚቀየረውም በዚሁ በማይጠየቅበት ጊዜ ነው፦ አየር ማስገቢያው ይለወጣል፣ ጭሱን ከሞተሩ የሚቀበለው ቱቦ፣ ሄደር የሚባለው፣ ይገባል፣ የወጣው ዕቃ ጋራዥ ውስጥ ቦታ ያዘ ተብሎ ይጣላል። ዓመቱ ሲደርስ የፋብሪካውን የአየር ሳጥን ከነቱቦውና ከነማሰሪያው መልሶ መግዛት ሲቀየር ከወጣው ገንዘብ ሊበልጥ ይችላል። የወጣውን ሁሉ ትንንሾቹን ጎማ ቱቦዎች ጨምሮ በካርቶን አድርገው ያስቀምጡ። በተለይ ጭሱን የሚያጣራውን ኦሪጅናል ካታሊቲክ ኮንቨርተር «ውስጡ ፕላቲኒየም አለው» ብሎ ለሚገዛ ሰው አይስጡ።

«በሃምሳውም ግዛት ሕጋዊ ነው» የሚለውን ማስታወቂያ አምኖ መግዛት

የጭስ መቆጣጠሪያውን አሠራር የሚነካ ዕቃ ሁሉ ከካሊፎርኒያ የአየር ሀብት ቦርድ፣ ሁሉም ካርብ ከሚለው መሥሪያ ቤት፣ የፈቃድ ቁጥር ሊኖረው ይገባል። ይህ ቁጥር ኤግዚኪዩቲቭ ኦርደር፣ በአጭሩ ኢኦ ይባላል። የአየር ማስገቢያ፣ ሄደር፣ ቱርቦ፣ ሱፐርቻርጀር፣ የዘይት ትነት መያዣ ጣሳና የኮምፒውተር ቲዩን (የሞተሩን አሠራር የሚቀይር ሶፍትዌር) ሁሉም እዚህ ውስጥ ይገባሉ። ከካታሊቲኩ በኋላ ያለው ቱቦና ማርሚታ ግን ኢኦ አያስፈልገውም፤ ለእሱ ሌላ የድምፅ ሕግ አለ፣ ወሰኑም 95 ዴሲቤል ነው። ቸርኬ፣ ፍሬንና ሱስፔንሽን ከስሞግ ጋር ግንኙነት የላቸውም።

ሰው የሚሳሳተው ኢኦው የተሰጠው ለዕቃው ብቻ ስለሚመስለው ነው። ፈቃዱ የሚሰጠው ለዚያ ዕቃ በዚያ መኪና፣ በዚያ ሞተርና በእነዚያ ዓመታት ላይ ነው። ለ2006 የተፈቀደ አየር ማስገቢያ 2009 ላይ ልክ ቢገባም ለምርመራው ሕገወጥ ነው። ከመግዛትዎ በፊት ቁጥሩን በካርብ የዕቃዎች መፈለጊያ አስገብተው ዝርዝሩ ውስጥ የእርስዎ መኪና መኖሩን ያንብቡ፣ ገጹንም አትመው መኪናው ውስጥ ያኑሩ። ከዕቃው ጋር የሚመጣውን ተለጣፊ ኮፈኑ ሲከፈት ወዲያው በሚታይ፣ ሙቀት በማይደርስበት ቦታ ይለጥፉት። ተለጣፊው ከጠፋ አምራቹን ጠይቀው ምትክ ያስልኩ። «ለውድድር ብቻ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ዕቃ ደግሞ በሕዝብ መንገድ ላይ ለሚነዳ መኪና እንዳልተሠራ በራሱ ላይ ጽፎ እየተናገረ ነው፤ በዓይን ምርመራው ይወድቃል።

ርካሽ ካታሊቲክ ኮንቨርተር ማስገባት

ይህ መኪናቸውን ቀይረው የማያውቁ ሰዎችንም ያገኛል። የ2004–2009 ፕሪየስ የካታሊቲክ ሌቦች ዋና ዒላማ ነው፤ ሃይብሪድ በመሆኑ ውስጡ ያለው የከበረ ማዕድን ሌቦቹ ከሚፈልጉት ነው። በሎስ አንጀለስና በኦክላንድ ኡበርና ሊፍት የሚሠራ ወገን መኪናውን ማታ አቁሞ ጠዋት ሲያስነሳ እንደ ትራክተር ሲጮህ ያገኘዋል። ሥራው እንዳይቆም በሁለት መቶና በሦስት መቶ ዶላር የሚያስገባለት ይፈልጋል። የሚገባለት ታዲያ ብዙውን ጊዜ ለሌሎች ግዛቶች የሚሸጠው «ፌዴራል» የሚባለው ነው። ድምፁ ይጠፋል፣ መኪናው ይሄዳል፤ ስሞግ ግን አያልፍም። ውስጡ ያለው ማዕድን ትንሽ ስለሆነም ከጥቂት ወራት በኋላ ካታሊቲኩ በደንብ እንደማይሠራ የሚናገረው ፒ0420 የሚለው ኮድ ከቼክ ኢንጅን መብራት ጋር ይመጣል።

ለካሊፎርኒያ የተፈቀደውን ለማወቅ የካታሊቲኩን የሽፋን ቆርቆሮ ይመልከቱ። ሕጋዊ ምትክ ላይ አራት ነገር ተቀርጾ ይገኛል፦ «ዲ» በሚባለው የላቲን ፊደል የሚጀምር የኢኦ ቁጥር፣ የዕቃው ቁጥር፣ የተሠራበት ቀን፣ እንዲሁም ጭሱ የሚሄድበትን አቅጣጫ የሚያሳይ ቀስት። ቁጥሩ ቢኖርም እንደ ሌላው ዕቃ ሁሉ ከመኪናዎ ዓመትና ሞተር ጋር መግጠም አለበት። ለዚህ የሚያገለግለው ኮፈኑ ሥር የተለጠፈው የፋብሪካ የጭስ መለያ ወረቀት ላይ ያለው የሞተር ቤተሰብ ቁጥር ነው፤ ፎቶ አንሥተው ለሚሸጥልዎ ሰው ይላኩለት። ካታሊቲኩን ከፋብሪካው ቦታ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ማዛወርም አይፈቀድም። የስርቆት መከላከያ ቆርቆሮ ካስገጠሙ ደግሞ ቁጥሩን የሚሸፍን መሆኑን ይዩ። ቴክኒሻኑ ያላየውን አለ ብሎ አይመዘግብም።

ከቨርጂኒያ ወይም ከቴክሳስ ወደ ካሊፎርኒያ የሚዛወሩ ሰዎች ሳይመጡ ካታሊቲካቸውን ያሳዩ። እዚያ በሕጋዊ መንገድ የገባ ምትክ እዚህ ላይታወቅ ይችላል።

ከቀጠሮው ዋዜማ ቲዩኑን ወደ ነበረበት መመለስ

ከጁላይ 19 ቀን 2021 ጀምሮ የስሞግ መሣሪያው የመኪናውን ኮምፒውተር ሶፍትዌር መለያ ያነባል፣ ፋብሪካው ካወጣው ጋርም ያወዳድራል። ፋብሪካው ያላወጣው፣ የካርብ ኢኦም የሌለው ቲዩን ካለ መኪናው ሌላው ሁሉ ቢሟላ እንኳ ይወድቃል። መፍትሔው የፋብሪካውን ሶፍትዌር መመለስ ወይም ኢኦ ያለውን ቲዩን መጫን ነው። ነገር ግን አዲስ ሶፍትዌር ሲጫን ኮምፒውተሩ እስካሁን የሠራቸውን ምርመራዎች ሁሉ ይረሳል። ማታ መልሰው ጠዋት ስሞግ ቤት ከሄዱ በሶፍትዌሩ ያልፋሉ፣ ባልተጠናቀቀ ምርመራ ይወድቃሉ። ሶፍትዌሩን ለመመለስ ቢያንስ አሥር ቀን ቀደም ይበሉ።

ኮድ አጥፍቶ በቀጥታ መሄድ

ቼክ ኢንጅን መብራቱን በስካነር ወይም ባትሪ በመንቀል ማጥፋት ቀላል ነው፤ ጥቅም ግን የለውም። ኮምፒውተሩ ካታሊቲኩን፣ ኦክስጅን ሴንሰሮቹን፣ የነዳጅ ትነቱን ሥርዓትና ሌሎቹን እየነዱ ሳሉ በየተራ የሚፈትንባቸው ሞኒተሮች አሉት። ኮድ ሲጠፋ እነዚህ ሁሉ «አልተጠናቀቀም» ወደሚለው ይመለሳሉ። በ2000 እና ከዚያ ወዲህ ባሉ የቤንዚን መኪኖች ሳይጠናቀቅ የሚፈቀደው የነዳጅ ትነቱ ሞኒተር ብቻ ነው። ከ1996 እስከ 1999 ለተሠሩት አንድ፣ የትኛውም ቢሆን፣ ይፈቀዳል።

በ2010 እና ከዚያ ወዲህ ባሉት ላይ ሌላም አለ፤ ቋሚ ኮድ ይባላል። ስካነር አያጠፋውም፤ የሚጠፋው ጥገናው እንደሠራ ኮምፒውተሩ ራሱ ሲያረጋግጥ ነው። ከጁላይ 2019 ጀምሮ ቋሚ ኮድ ያለው መኪና ይወድቃል። ኮዱ ከጠፋ ወዲህ ቢያንስ 15 ጊዜ ከቅዝቃዜ ተነሥቶ ሞቆ፣ 200 ማይልም ከሄደ ግን ቋሚው ኮድ ቢኖርም አይጥለውም።

ሞኒተሮቹን ለማስጨረስ የእያንዳንዱ ፋብሪካ የአነዳድ ቅደም ተከተል ይለያያል፤ ለአብዛኛው መኪና የሚሠራው ግን ይህን ይመስላል። ነዳጁ ከሩብ በላይ ከሦስት ሩብ በታች ይሁን፤ ታንኩ ሲሞላም ሲጎድልም የትነቱ ሙከራ አይጀምርም። መኪናው ቢያንስ ስምንት ሰዓት ቆሞ ይደር። ጠዋት አስነሥተው ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ሳይንቀሳቀሱ ይቆዩ። ፍሪዌይ ላይ ከ55 እስከ 60 ማይል ባለው ፍጥነት ነዳጁን እኩል ረግጠው አሥር ደቂቃ ያህል ይሂዱ፤ የካታሊቲኩ ሙከራ የሚፈልገው ይህን የማይዋዥቅ አካሄድ ነው። ከኋላዎ መኪና በማይኖርበት ሰዓት እግርዎን አንሥተው ፍሬን ሳይነኩ ፍጥነቱ በራሱ ይውረድ። ከዚያ በከተማው መብራት መካከል አሥር ደቂቃ ይንዱ። ይህን ለሦስት ወይም ለአራት ቀን ይድገሙ። መድረስዎን በግምት ሳይሆን በርካሽ ስካነር፣ ሞኒተሮቹን በሚያሳየው ገጽ ላይ ያረጋግጡ። የደከመ ባትሪም ካለዎት ከዚህ ሁሉ በፊት ይለውጡት፣ በኋላ መለወጥ ሥራውን ከዜሮ ያስጀምራል።

የኋላውን ኦክስጅን ሴንሰር ማታለል

ካታሊቲኩ መሥራቱን የሚከታተለውን ይህን ሴንሰር ከቱቦው የሚያርቅ ብሎን ወይም ውሸት ምልክት የሚልክ ሽቦ መግጠም መብራቱን ያጠፋ ይሆናል። በዓይን ሲታይ ግን እንደ ተነካካ ተቆጥሮ ይወድቃል። ሞኒተሩ በቲዩን ሲዘጋ ደግሞ መሣሪያው ያ መኪና ሊኖረው የሚገባውን ሞኒተር ያውቃልና ሲያጣው ይይዘዋል። የተነካካ መኪና ስቴቱ ለአቅመ ደካማ ባለቤቶች ከሚሰጠው የጥገና ድጋፍም ውጭ ይሆናል።

የ1999ን እና ከዚያ በፊት ያሉትን ቀዝቅዘው ማቅረብ

በሎስ አንጀለስ፣ በሳን ዲዬጎ፣ በቤይ ኤርያና በሳክራሜንቶ እነዚህ መኪኖች በሮለር ላይ ወጥተው በ15 እና በ25 ማይል ፍጥነት ይለካሉ። ካታሊቲክ ሳይሞቅ አይሠራም፤ ስለዚህ ከምርመራው በፊት 20 ደቂቃ ፍሪዌይ ላይ ነድተው ይምጡ፣ ወረፋ ካለም ሞተሩን አያጥፉ።

ውጤቱ ወድቆ ሲመጣ ቁጥሮቹ ራሳቸው የት እንደሚፈለግ ይናገራሉ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ከበዛ ሞተሩ ነዳጅ እየበዛበት ነው፦ የቆሸሸ የአየር ፊልትሮ፣ የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተር፣ ያረጀ ኦክስጅን ሴንሰር። ሃይድሮካርቦን ከበዛ ያልተቃጠለ ነዳጅ እየወጣ ነውና ካንዴላውንና ሽቦዎቹን ይዩ። ናይትሪክ ኦክሳይድ ከበዛ ሙቀቱ ከፍ ብሏል፦ የተዘጋ ኢጂአር ቫልቭ (ጭሱን በከፊል ወደ ሞተሩ የሚመልሰው) ወይም ለጉልበት ተብሎ የተገፋ ታይሚንግ፣ ማለትም ካንዴላው የሚተኩስበት ጊዜ። የታይሚንግ ለውጥ ከ1995 በፊት በነበሩት ላይ በምርመራው ስለሚታይ ኮፈኑ ሥር በተጻፈው ልክ ይመልሱት። የቆየ ዘይትም ነዳጅ ስለሚቀላቀልበት በትነት ተመልሶ ሞተሩ ውስጥ ይገባል፤ ከስሞግ በፊት ይቀይሩት። በጠርሙስ የሚሸጠውን ነዳጅ ላይ የሚጨመር «ማሳለፊያ» መድኃኒት ግን አይመኑበት፤ የተበላሸ ዕቃ አይጠግንም።

ሌላ ሞተር አስገብቶ በቀጥታ ስሞግ ቤት መሄድ

ተመሳሳዩን ሞተር መተካት ችግር የለውም። የተለየ ሞተር ከገባ ግን መደበኛው ስሞግ ቤት አያሳልፈውም፤ መኪናው ስሞግ ሪፈሪ ወደሚባለው የስቴቱ ልዩ መርማሪ መሄድ አለበት። ሪፈሪዎቹ በብዛት ኮሚኒቲ ኮሌጆች ውስጥ በቀጠሮ ይሠራሉ። ሞተሩ ከመኪናው ዓመት ጋር እኩል ወይም አዲስ መሆን አለበት፣ ከከባድ መኪና ተነቅሎ ወደ ቀላል መኪና መግባት የለበትም። ካታሊቲኩ፣ ሴንሰሮቹ፣ የትነት ጣሳው፣ ኮምፒውተሩና ቼክ ኢንጅን መብራቱ ከሞተሩ ጋር አብረው መምጣት አለባቸው። ሪፈሪው ሲያጸድቅ በር ምሰሶ ላይ የሚለጠፍ ምልክት ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ ማንኛውም ስሞግ ቤት በእሱ ይመረምራል። ከጃፓን ያገለገለ ሞተር የሚያስመጣ ሰው፣ አሜሪካ ውስጥ ከተፈቀደ ሞተር ጋር በአሠራሩ አንድ መሆኑን ማሳየት ስለሚኖርበት ከመግዛቱ በፊት ሪፈሪውን ይጠይቅ።

የታግ ቀን እስኪደርስ መጠበቅ

የስሞግ ሰርተፊኬት ለ90 ቀን ይሠራል፤ የምዝገባ ማደሻ ማስታወቂያው እንደ ደረሰ መመርመር ይቻላል። ከኦፊሴላዊው በፊት «ፕሪቴስት» የሚባለውን የሙከራ ምርመራ ይጠይቁ፣ ውጤቱ መኪና ወደሚመዘግበው መሥሪያ ቤት፣ ወደ ዲኤምቪ፣ አይሄድም። «ጥቂት ጨምር፣ እኔ አሳልፍልሃለሁ» የሚለውን ይሽሹ፤ የኮምፒውተሩ መረጃ በቀጥታ ለስቴቱ ስለሚላክ የሌላ መኪና ውጤት መሆኑ ይታወቃል።

ከግለሰብ መኪና ሲገዙም ሰርተፊኬቱን የማቅረብ ግዴታው የሻጩ ነው። በወዳጅነት ተብሎ «አንተው ታስደርገዋለህ» ሲባል አይቀበሉ፤ የተቀየረ መኪና ከሆነ ስሙ ከተዛወረ በኋላ ወጪው በሙሉ የእርስዎ ይሆናል። መኪናው ወድቆ ጊዜ ካጠረዎት የዲኤምቪውን ክፍያ በቀኑ ይክፈሉ፣ ቅጣት አይቆጥርብዎትም። ከዚያ በ50 ዶላር መኪናው እንዲነዳ የሚፈቅድ፣ ለ60 ቀን የሚሠራ ጊዜያዊ ወረቀት ይሰጥዎታል። ይህ በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ስለሆነ ስልሳውን ቀን ሞኒተር በመጨረስና የተፈቀደ ዕቃ በማፈላለግ ይጠቀሙበት።