ሽንት ቤቱ ቆሞ ሰው ሜዳ የሚወጣው ለምንድን ነው?

በሰሜን ሸዋ ገጠር ደጋግሜ የማየው ነገር አለ፦ ሽንት ቤቱ ከጓሮ ቆሟል፤ ወደ እሱ የሚወስደው መንገድ ግን ሣር በቅሎበታል። ወዲያው «ግንዛቤ የላቸውም» ይባላል። እኔ በዚህ አልስማማም። ሰው የሚፈራውንና የሚጠየፈውን ቤት ደፍሮ አይገባም። ስለዚህ ከሰዉ በፊት ጉድጓዱን እንመርምር።

ጉድጓዱ በክረምት ይደረመሳል

ይህ በእነዋሪና በጅሩ በኩል የመረሬ አፈር ጣጣ ነው። መረሬ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፤ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጥና የጉድጓዱን ግድግዳ ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ብዙ ሰው በሚቀጥለው ዓመት አጥልቆ ይቆፍራል፤ ያም ይናዳል።

መፍትሔው የጉድጓዱን ግድግዳ ከውስጥ የሚይዝ የድንጋይ ካብ ነው፤ የሸዋ ደጋ ገበሬ ደግሞ ካብ መካብ ያውቅበታል። ከጥር እስከ መጋቢት፣ መሬቱ ደረቅ ሳለ፣ ክብ አድርጋችሁ ቆፍሩ፤ ክብ ግድግዳ ግፊትን ከአራት ማዕዘኑ ይልቅ ይችላል። የወጣውን አፈር ከአፉ ቢያንስ 1 ሜትር አርቁት፤ ማንም ብቻውን ወደ ውስጥ አይግባ። ፈሳሹ እንዲሰርግ የታችኛውን ካብ ያለ ጭቃ ደርድሩ፤ የላይኛውን ግማሽ ሜትር ግን በሲሚንቶ ድፈኑት። ካቡ ከመሬት በላይ 50 ሳንቲ ሜትር ያህል ይውጣ፤ ዙሪያውን አፈር ደልድሉ፤ ለጎርፉም ቦይ አውጡለት። ስትቆፍሩ ውሃ ካገኛችሁ፣ የጉድጓዱ ግርጌ ከውሃው 1.5 ሜትር ከፍ እስኪል መልሳችሁ በአፈር ሙሉትና የጎደለውን ወደ ላይ ካቡ። ከምንጭና ከጉድጓድ ውሃ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፤ ቦታውም ከምንጩ በታች ይሁን።

ወለሉ ይወዛወዛል

በቆላው፣ በሸዋ ሮቢት በኩል፣ መጀመሪያ ምስጥን ጠርጥሩ። ጭቃ የተመረገበት እንጨት ከላይ ጤነኛ ይመስላል፤ በቢላ ጫፍ ስትወጉት ግን እንደ ዳቦ ይገባል። ይህን ያየች እናት ልጇን ወደዚያ ባትልክ እውነቷን ነው። ባሕር ዛፉን በጥድ ወይም በወይራ ለውጡት፤ አቅም ካለ ፌሮ የገባበት የሲሚንቶ ወለል አስሠሩና ለ7 ቀን ውሃ እያጠጣችሁ አቆዩት።

ሽታና ዝንብ

የእጥበት ውሃ ወደ ጉድጓዱ አትድፉ፤ በተጠቀማችሁ ቁጥር አመድ ነስንሱ፤ ቀዳዳውን ክደኑ። የመተንፈሻ ቱቦ ያለው ከሆነ ግን አይከደንም፤ አየሩ በቀዳዳው ገብቶ በቱቦው መውጣት አለበት። ቱቦው ከጣሪያው 50 ሳንቲ ሜትር ይብለጥ፤ ጫፉ ላይ ወንፊት ሽቦ ይታሰርበት፤ ቤቱም ጨለም ይበል። ዝንቡ ብርሃን ፍለጋ ወደ ቱቦው ጫፍ ይወጣና ወንፊቱ ላይ ይቀራል።

«የሕፃን ዓይነ ምድር ንጹሕ ነው» የሚለው አባባል ግን ያሳስበኛል። የልጆችን ዓይን የሚከበውና ትራኮማ የሚያዛምተው ዝንብ በዋናነት የሚራባው ሜዳ ላይ በወደቀ የሰው ዓይነ ምድር እንጂ በጉድጓድ ውስጥ አይደለም። የሕፃኑም ዕለቱን ጉድጓድ ይግባ።

የእጅ መታጠቢያው ደርቋል

ጄሪካኑ የሚደርቀው ከቤት ርቆ ስለተሰቀለና የሚሞላው ሰው ስላልታወቀ ነው። ከሽንት ቤቱ ወደ ማድቤት በሚመልሰው መንገድ ላይ ስቀሉት። ከታች በስታችሁ የእስክሪብቶ ቀፎ ሰኩበት፤ የእስክሪብቶው ክዳን መዝጊያ ይሆናል፤ ውሃውም በቀጭኑ ስለሚወርድ ይበረክታል። ሳሙና ከጠፋ አመድ ይሠራል። ውሃ ቀድቶ የሚመለስ ሰው እንስራውን ከማስቀመጡ በፊት መጀመሪያ ጄሪካኑን ይሙላ።