ማራቶኑ ሳይሳካ ሲቀር፦ ዕድሜን ከመክሰስ በፊት ምን ይደረግ?

54 ዓመቴ ነው። አምና ማራቶን በ3 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ጨርሼ ነበር። ዘንድሮ 3 ሰዓት ከ10 እገባለሁ ብዬ ከድሬዳዋ ወደ ደጋ ወጣሁና 3 ሰዓት ከ34 ገባሁ። ከ34ኛው ኪሎ ሜትር ወዲያ ያለውን ግማሹን ሮጬ ግማሹን ተራምጄ ነው የጨረስኩት። መንገድ ዳር የቆመ አንድ ልጅ «አይዞን አባባ!» ብሎ ሲያጨበጭብልኝ፣ እስከዚያች ደቂቃ ያልተሰማኝ ድካም ሁሉ አንድ ላይ መጣ።

ወደ ቤት ይዤው የተመለስኩት ፍርድ አንድ ብቻ ነበር፦ አርጅቻለሁ፣ በቃ። ፍርዱ ስህተት መሆኑን ለማወቅ ሦስት ሳምንትና አንድ ደብተር ፈጀብኝ። ዕድሜው ገፍቶ አሁንም ለሰዓት የሚሮጥ ሰው ተመሳሳይ ነገር ሲደርስበት ምን በምን ቅደም ተከተል ማድረግ እንዳለበት እነሆ። «አንተ» እያልኩ የምጽፈው በድሬ ልማድ ነው፤ እዚህ አንቱታ ብዙ አይበረክትም። ሯጭ እህቶቼም «አንቺ» ብላችሁ አንብቡት።

1. በመጀመሪያው ቀን ምንም አትወስን

መስመሩን እንዳለፍክ አትቀመጥ፤ አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ቀስ ብለህ ተራመድ። ጨውና ስኳር ያለው ነገር ጠጣ፤ ከፋርማሲ የሚገዛው ኦአርኤስ ይበቃል። ንጹሕ ውሃ ብቻ ሊትር በሊትር መገልበጥ የደምን ጨው ስለሚያቀጥን ጥሩ አይደለም። የሕመም ማስታገሻ አትቸኩል። ሰውነት ውሃ በጎደለው ሰዓት ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን መዋጥ ኩላሊትን ይጎዳል፣ ዕድሜ ሲጨምር ደግሞ ይብሳል። ሽንትህ እንደ ኮካ ከጠቆረ፣ ደረትህን ከወጋህ ወይም ራስህን ከሳትክ ግን ጉዳዩ የሐኪም ነው።

መመለሻህ እንደኔ በአውቶቡስ ከሆነ፣ ከማራቶን በኋላ ቀኑን ሙሉ ታጥፎ መቀመጥ ለእግር ደም ሥር መጥፎ ነው። አዋሽ ላይ ሌላው ሰው ምሳ ሲበላ አንተ ቢያንስ የአውቶቡሱን ዙሪያ አምስት ጊዜ ዙር።

«ከእንግዲህ አልሮጥም» የሚለውን ቃል በዚያ ቀን አፍህ ላይ አታምጣው። ኃይሌ ገብረሥላሴ እ.ኤ.አ. በ2010 ኒው ዮርክ ላይ ጉልበቱን አሞት ሲያቋርጥ እዚያው ጡረታ መውጣቱን ተናገረ፤ ብዙም ሳይቆይ ሐሳቡን ቀየረ። ያኔ 37 ዓመቱ ነበር። እሱ የተሳሳተበትን ቀን እኔና አንተ በትክክል አንፈርድም።

2. ለሰው የምትመልሰውን አዘጋጅ

ይሄኛው ቀላል ይመስላል፤ እኔን ግን ከጡንቻዬ ሕመም በላይ ያደከመኝ እሱ ነው። እዚህ ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር ቡና ለመጠጣት ተቀመጥኩ፤ ገና ሲኒው ሳይቀርብ «አቦ እንዴት ነበር? ስንተኛ ወጣህ?» ተባልኩ። አገራችን ውስጥ ሩጫ ማለት ስንተኛ ማለት ነው። በ54 ዓመቱ ከራሱ ሰዓት ጋር የሚሟገት ሰው መኖሩን ለማስረዳት ከሞከርክ ቡናው ይቀዘቅዛል። ስለ ነፋሱ፣ ስለ ዳገቱ፣ ስለ ሆድህ ስትዘረዝር ደግሞ ሰበብ ይመስልብሃል፤ ለራስህ ጆሮ ጭምር።

አጭር መልስ አዘጋጅ። የኔ ይህች ነበረች፦ «3 ከ34። ከበደኝ።» ከዚያ ዝም። አንዱ «በቃ ሸምግለሃል፣ ሽምግልና ተቀመጥ» ብሎ ይስቅብሃል፤ አብረህ ሳቅ። ሙሉውን ታሪክ የምትነግረው አንድ ሰው ግን ይኑርህ፤ ሮጦ የሚያውቅ ቢሆን ይመረጣል።

በርጫም ላይ እንዲሁ አንድ ነገር ልበል፤ ድሬ ተቀምጦ ስለሱ ዝም ማለት ግብዝነት ነው። ከውድድር በኋላ ባለው ሳምንት ጫት የምግብ ፍላጎትንና እንቅልፍን ይወስዳል። ሰውነትህ በዚያ ሳምንት ከእነዚህ ከሁለቱ ሌላ የሚፈልገው ነገር የለም። ወዳጆችህ ጋ ቁጭ በል፣ ሻይ ጠጣ፣ ምርቃናውን ለእነሱ ተው።

3. ሁለት ሳምንት ለሰውነት ስጥ

የመጀመሪያውን ሳምንት አትሩጥ። በሁለተኛው ሰላሳ አርባ ደቂቃ፣ ወሬ እያወራህ የምትሮጠው ዓይነት ይበቃል። በሃያ አምስት ዓመቴ ማራቶን በሮጥኩ በአምስተኛው ቀን ልምምድ እገባ ነበር፤ አሁን ያንን ብሞክር ባቴ ይቀጣኛል። ሕመሙ አጥንት ላይ በአንድ ነጥብ የሚወጋ ከሆነ፣ በተለይ የወር አበባቸው ያቆመ ሴት ሯጮች፣ የአጥንት ስንጥቅ ሊሆን ስለሚችል «ያልፋል» ብላችሁ አትሩጡበት።

ለድሬ ሰው ብቻ የሚነገር ማስጠንቀቂያም አለ። ከውድድሩ በኋላ ትኩሳት፣ ራስ ምታትና የመገጣጠሚያ ቁርጥማት ከመጣ «ማራቶኑ ነው» አትበል። ከተማችን እ.ኤ.አ. በ2013 የዴንጊ፣ በ2019 የቺኩንጉንያ፣ በ2022 ደግሞ በከተማ ውሃ ማጠራቀሚያ የምትራባ ትንኝ ያመጣችውን የወባ ወረርሽኝ አይታለች። ማራቶን ያሳምማል እንጂ ለቀናት አያተኩስም። ተመርመር፤ ዴንጊ መሆን አለመሆኑ ሳይታወቅም አስፕሪን፣ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን አትውሰድ፣ ደም መፍሰስን ያባብሳሉ።

4. ደብተር አውጣና ውድድሩን አንብበው

ሦስተኛው ሳምንት ላይ፣ ንዴቱ ሲበርድ፣ የእያንዳንዱን 5 ኪሎ ሜትር ሰዓት በአምድ ጻፍ። ሰዓትህ መዝግቦት ከሆነ ቀላል ነው፤ ካልሆነም የግማሹና የመጨረሻው ሰዓት ብዙ ይናገራሉ። የኔ ዕቅድ በኪሎ ሜትር 4 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ነበር። የመጀመሪያውን 5 ኪሎ ሜትር በ21 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ፣ ማለትም በኪሎ ሜትር በ4 ከ14 ሮጬዋለሁ። ግማሹን በ1 ሰዓት ከ31 አለፍኩ። ሁለተኛው ግማሽ 2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ፈጀ። ይህንን አምድ ለአንድ ጀማሪ ብታሳየው ምን እንደተፈጠረ ይነግርሃል፤ እኔ ግን በዕድሜዬ ላይ ስፈርድ ሦስት ሳምንት ከረምኩ።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። ሰውነት ኦክስጅን የመጠቀም አቅሙ ከሠላሳ ዓመት በኋላ በአሥር ዓመት 10 በመቶ ገደማ ይቀንሳል ይባላል፤ ልምምድ ላላቋረጠ ደግሞ ከዚያ ያነሰ ነው። ከፍተኛውን ልውሰድ፦ በዓመት 1 በመቶ። የ3 ሰዓት ከ12 አንድ በመቶ 2 ደቂቃ አይሞላም። እኔ ያጣሁት 22 ደቂቃ ነው። ዕድሜ የወሰደው ሁለቱን ነው እንበል፤ ሃያውን ማን ወሰደው?

አምዱ ላይ የምትፈልገው ቅርጽ ነው። ከመነሻው እስከ መጨረሻው እኩል፣ ግን ካምናው በትንሽ የዘገየ ከሆነ፣ ዕድሜ ማለት ያ ነው፤ ቀስ ብሎ፣ ሳይደነብር ነው የሚወስደው። ከመጀመሪያው ኪሎ ሜትር ጀምሮ ከባድና በጣም የዘገየ ከሆነ ሕመም፣ የደም ማነስ፣ የልምምድ ማነስ ወይም ከፍታ ጠርጥር፤ ሄሞግሎቢንና የብረት ክምችትህን አስለካ። ጥሩ ሄዶ ሄዶ ከ30 ኪሎ ሜትር በኋላ ገደል የገባ ከሆነ በፍጥነት ጀምረሃል፣ ወይም አልበላህም፣ ወይም ሁለቱንም። ሰውነት የሚያከማቸው ስኳር እዚያ አካባቢ ነው የሚያልቀው። በሰዓት ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት መውሰድ ይመከራል። እኔ 25ኛው ኪሎ ሜትር ላይ አንድ ጄል (በሩጫ ላይ የሚመጠጥ ወፍራም የስኳር ፈሳሽ) ወሰድኩ፣ ያውም ግማሹን አፈሰስኩት።

ከዚያ ከፍታው አለ። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአምናው ውድድሬ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ነበር፣ የዘንድሮው ከ2,300 በላይ። ሁለት ቀን ቀድሜ ደርሼ ነበር፤ ሰውነት ከፍታን ለመልመድ ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈልጋል። ሐቀኛ ዕቅድ ቢኖረኝ በኪሎ ሜትር 4 ከ45 ይዤ 3 ሰዓት ከ20 ላይ ነበር የምገባው። እሱም ቢሆን አሪፍ ሰዓት ነው፤ ግን ከአምናው ስለሚዘገይ ዕቅድ ላደርገው አልፈለግኩም። የጣለኝ ይሄ ነው፤ የልደት ሰርተፍኬቴን ጥፋተኛ ማድረጉ ደግሞ ቀለለኝ።

5. የዕድሜን ድርሻ በራሱ መለኪያ ለካ

ዕድሜ ምንም አይወስድም አላልኩም። የልብ ከፍተኛ ምት በየዓመቱ ይቀንሳል፣ ይህንን ደግሞ ልምምድ አይመልሰውም። ስለዚህ የሠላሳ ዓመቱን ሰዓት በኪስህ ይዘህ አትሩጥ። በዓለም አቀፍ ደረጃ አንጋፋ ሯጮች ከ35 ዓመት ጀምሮ በየአምስት ዓመቱ በተከፈለ ምድብ ይወዳደራሉ። በዕድሜ የተመዘነ ውጤት የሚባል ስሌትም አለ፤ ለዕድሜህና ለጾታህ የተቀመጠውን መለኪያ ሰዓት በራስህ ሰዓት ታካፍላለህ። ለምሳሌ መለኪያው 2 ሰዓት ከ20 ቢሆንና አንተ 3 ሰዓት ከ20 ብትገባ ውጤትህ 70 በመቶ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ሰዓትህ ዘግይቶም በመቶኛው ከፍ ልትል ትችላለህ። መቶኛ የማይጥመው ሰው አዲስ ደብተር ይክፈት፦ «ከሃምሳ በኋላ» ብሎ፣ የራሱ ክብረ ወሰን ያለበት። እኔ ይሄኛው ይጥመኛል።

ማሞ ወልዴ እ.ኤ.አ. በ1964 ቶኪዮ ላይ ማራቶኑን አቋርጧል። በ1968 ሜክሲኮ ላይ አበበ ቢቂላ በጉዳት ሲወጣ ወርቁን ያመጣው እሱ ነው፣ በ36 ዓመቱ። በ1972 ሙኒክ ላይ በ40 ዓመቱ ነሐስ ጨመረ። ቀነኒሳ በቀለ ደግሞ በ2024 ለንደን ላይ በ41 ዓመቱ በ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ ሁለተኛ ወጥቶ፣ በዚያው ክረምት በፓሪስ ኦሊምፒክ 39ኛ ሆነ። በአራት ወር ውስጥ አላረጀም፤ ቀኑ የተለየ ቀን ነበር።

6. ልምምዱን አስተካክል

ከባድ ቀን በሳምንት ሦስት ከነበረ ሁለት አድርገው። በተረፈው ቀን ጉልበት ሥራ፦ ደረጃ ላይ በአንድ እግር ቆሞ ተረከዝን ማንሳትና ማውረድ፣ ቁጭ ብድግ። ጡንቻ በዕድሜ ይቀንሳል፣ ካልሠራህበትና በደንብ ካልበላህ ደግሞ ይፈጥናል፤ እንቁላሉም ሽሮውም ምስሩም በየማዕዱ ይኑር። ጥማት በዕድሜ ስለሚደነዝዝ በድሬ ሙቀት «ሲጠማኝ እጠጣለሁ» አይሠራም፤ በሰዓት እያየህ ጠጣ።

ከዚራን የሚያህል ለጥ ያለና ጥላ ያለው የመሮጫ ቦታ የለም፤ ሌሊት 11 ሰዓት ብትወጣ ፀሐይ ሳትነድ ትጨርሳለህ። ከተማችንን የሚያቋርጠው የደቻቱ ደረቅ ወንዝ አሸዋ ግን ለወጣት ነው፤ ለተረከዜ ጅማት አይመቸውም፣ በክረምት ደግሞ በእኛ አቆጣጠር የ1998ቱን ጎርፍ ያየ ሰው እዚያ አይሮጥም። ቀጣዩ ውድድር ደጋ ከሆነ ረጅሙን ሩጫ በሚኒባስ የደንገጎን ዳገት ወጥተህ ወደ ሐረማያ አድርገው፤ መኪናውን እየተጠነቀቅክ፣ ከዳር ይዘህ።

ፔስ መያዝን፣ ማለትም ፍጥነትን መመጠንን፣ የተማርኩት ሐረር ነው። የጀጎል ግንብ 3.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ አሥራ ሁለት ጊዜ ብትዞረው ማራቶን ለመሙላት ጥቂት ይቀርሃል። እኔ ዘመድ ጥየቃ ስሄድ በንጋት አራት ዙር እሮጣለሁ፤ ሕጉ አንድ ነው፦ የመጀመሪያው ዙር ከአራቱ ሁሉ የዘገየ መሆን አለበት። ለአንድ ወር ያህል አልቻልኩም።

7. ቀጣዩን ምረጥ፣ ግን ማራቶን አይሁን

ንዴትን ለመወጣት በአምስት ሳምንት ውስጥ ሌላ ማራቶን መመዝገብ የተለመደ ስህተት ነው። መጀመሪያ 10 ኪሎ ሜትር ወይም ግማሽ ማራቶን ሩጥ፣ ሁለተኛውን ግማሽ ከመጀመሪያው አፍጥነህ። እሱ ከተሳካ ወደ ማራቶን ተመለስ፣ በአዲሱ ደብተር ሰዓት።

ማራቶንን ጨርሶ መተው ያለበት ሰው መቼ ይወቅ? የኔ መለኪያ፦ በሥርዓቱ የተጀመሩ፣ በሥርዓቱ የተበላባቸው ሦስት ማራቶኖች ደስታ ካልሰጡት ወደ አጭር ርቀት ይውረድ፣ ነውር የለውም። እኔ ግን ከአምና ወዲህ በሥርዓቱ የጀመርኩት አንድም የለኝምና ጥያቄው ገና አልደረሰኝም።