ኡቡንቱን ከማሳደግዎ በፊት አዲሱን እትም ከፍላሽ አስነስተው ይሞክሩት
ኡቡንቱ የተባለውን የኮምፒውተር ስርዓተ ክወና ከ22.04 እትም ወደ 24.04 ካሳደጉ በኋላ ዋይፋዩ ወይም ድምፁ አልሠራ ቢል ወደ ቀድሞው እትም መመለስ እጅግ አድካሚ ስለሆነ፣ አስቀድመው የ24.04ን መጫኛ 16 ጊጋባይት በሚይዝ ፍላሽ ላይ ያዘጋጁና ኮምፒውተርዎን ከፍላሹ አስነስተው ሳይጭኑ የመሞከሪያውን አማራጭ ይምረጡ። ከዚያም ዋይፋዩን ያገናኙ፣ ድምፅ ያጫውቱ፣ በተለይም ላፕቶፑን ከድነው መልሰው ይክፈቱትና ስክሪኑ መብራቱን ይመልከቱ፤ ይህን ፈተና ብዙ ሰው ይዘነጋዋል። ዘዴው የሚሠራው፣ ፍላሹ የአዲሱን እትም ከርነል (የስርዓተ ክወናውን እምብርት) እና ድራይቨሮች (እንደ ዋይፋይና ድምፅ ያሉ የኮምፒውተሩን ክፍሎች የሚያሠሩ ፕሮግራሞችን) ይዞ፣ ካልጫኑት በስተቀር ሃርድ ዲስኩን ሳይነካ በራም ላይ ስለሚነሳ ነው። ይሁን እንጂ እርስዎ ራስዎ የጫኗቸውን ፕሮግራሞች አይፈትሽልዎትም፤ የፋይሎችዎንም ቅጂ በሌላ ዲስክ ሳያስቀምጡ ማሳደጉን አይጀምሩ። ከ20.04 የሚነሱ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ወደ 22.04 ማለፍ ይኖርብዎታል።