ሕፃኑ ሳያለቅስ መራቡን ማወቅ

ለቅሶ የረሃብ የመጨረሻው ምልክት ነው። ከዚያ በፊት ሕፃኑ ይቁነጠነጣል፣ አፉን ይከፍታል፣ ጉንጩ ሲነካ ወደዚያው ይዞራል፣ እጁን ይጠባል። ጡት መስጠት ያኔ ነው። አምርሮ ካለቀሰ ጡቱን በደንብ መያዝ ያቅተዋል፤ መጀመሪያ ደረትሽ ላይ ለጥፈሽ አረጋጊው።

በጎጃም ገጠር እናት ልጇን በአንቀልባ አዝላ ስትሠራ ትውላለች። ከጀርባ ሆኖ እጁም አፉም አይታይም፤ ስለዚህ መላወስ ሲጀምር ለቅሶውን ሳትጠብቂ አውርጂው። አራስ ልጅ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይጠባል። እንቅልፍ ካበዛም ቀስቅሰሽ አጥቢው።

ሲጠግብ የጨበጠው እጁ ይፈታል፣ አጠባቡ ይዘገያል፣ ጡቱን ራሱ ይለቃል። ሌላውን ጡት አቅርቢለት፤ ካልፈለገ ይበቃዋል። ከ5ኛው ቀን ወዲህ በቀን 6 ጊዜና ከዚያ በላይ ከሸና ወተቱ እየደረሰው ነው። እስከ 6 ወር ቅቤ ማላስም የአብሽ ውኃም አያስፈልግም፤ ሆዱን ሞልተው ጡቱን ያስተዉታል።

6 ወር ሲሞላው ከማንኪያ የማይፈስ የጤፍ ወይም የዳጉሳ ገንፎ በ2 ወይም በ3 ማንኪያ ይጀመራል። ቀና አድርገሽ ፊት ለፊትሽ አስቀምጪው፤ ማንኪያውን ከንፈሩ ጋ አድርሰሽ አፉን እስኪከፍት ጠብቂ። አንጋሎ በመዳፍ መጋት እባካችሁ ይቅር! ምግቡ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል፤ ልጁም ምግብ ሲያይ መሸሽ ይለምዳል። ፊቱን ካዞረ ጥቂት ቆይተሽ ሞክሪ፤ እንቢ ካለ ምግቡን አንሺው። ጡትም ጨርሶ እንቢ ካለ፣ ካተኮሰው ወይም ከደከመ ግን ሳትውሉ ሳታድሩ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።